ስንት ሄዱ? ስንት ተመለሱ?

ባለፈው እትማችን የመጨረሻ ገጽ ላይ አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች። በግጥም ምሽታችን ላይ ከ1,000 በላይ ተማሪዎች ተገኝተዋል ትላለች። ማን እንደ ጻፋት አንናገርም፤ ሁላችንም አንብበን አሳልፈናታልና የሁላችንም ናት። ቡለቲኑ ተባዝቶ በየመኝታ ክፍሉ ከታደለ በኋላ አንድ የአንደኛ ዓመት ልጅ በራችንን አንኳኩቶ ገባና በትሕትና፣ «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ያ አዳራሽ እኮ 1,000 ሰው አይችልም» አለን። ሳቅንበት። «አንተ ደግሞ፣ ግጥም ልትሰማ ነው ወይስ ለቆጠራ የመጣኸው?» ብለን ሸኘነው።

ማታ ግን ነገሩ ከነከነን። ሁለት ሆነን ሹልክ ብለን ሄደን የአዳራሹን አግዳሚ ወንበር ቆጠርን። 18 ረድፍ ነው፤ በያንዳንዱ ረድፍ ተጠባብቆ ቢቀመጥ 14 ሰው። 252 ማለት ነው። ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን፣ በሩ ላይ የተጋፋውን፣ መስኮት ላይ የተንጠለጠለውን ሁሉ ጨምረን፣ ለራሳችንም አድልተን፣ ከ350 ልናሳልፈው አልቻልንም።

ታዲያ ለምን 1,000 አልን? መቼም ልንዋሽ አስበን አልነበረም። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፤ ሙቀቱ፣ ጭብጨባው፣ ከኋላ «ድገመው! ድገመው!» የሚለው ጩኸት ገና በጆሯችን ነበር። 1,000 ማለት ለእኛ «ብዙ ነበርን፤ ደስ ብሎን ነበር» ማለት ነው። ከልብ የወጣ ቃል ነው፤ ቁጥር ግን አይደለም።

ያን ሰሞን የአውሮፓ ታሪክ ፈተና ደርሶብን ነበር። በእኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ሥራ እንከፋፈላለን፤ አንዱ ዓመተ ምሕረቱን ይይዛል፣ አንዱ የጄኔራሎቹን ስም፣ አንዱ ቁጥሩን። ቁጥር የደረሰው ልጅ አልጋው ላይ ተንጋሎ እንደ ዳዊት ይደግመዋል። የዚያን ዕለት ማታ «የፋርሱ ንጉሥ ዜርክሲስ፣ እግረኛ 1,700,000» ብሎ ሲጀምር፣ ከአግዳሚ ቆጠራ የተመለስነው ሁለታችን በአንድ ድምፅ «ቆይ እስቲ! ማን ቆጠረው?» አልን። ነገሩ የተጀመረው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው።

ማን እንደ ቆጠረውማ ሄሮዶቱስ ራሱ ይነግረናል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ዜርክሲስ ግሪክን ሊወጋ ሲሄድ በዶሪስኮስ ሜዳ ሠራዊቱን አስቆጠረ። አስቀድመው 10,000 ሰው አጠጋግተው አቆሙና ዙሪያውን አሰመሩ፤ በመስመሩ ላይ እስከ ሰው እምብርት የሚደርስ አጥር ሠሩ። ከዚያ ወታደሩን እንደ እህል መስፈር ነው። አስገባ፣ ሙላ፣ አስወጣ። 170 ጊዜ ተሰፈረ። ሰው በቁና! ሄሮዶቱስ በዚህ ላይ መርከበኛውን፣ ፈረሰኛውን፣ በመንገድ የተቀላቀለውን፣ አገልጋዩንና ጓዝ ተሸካሚውን ደማምሮ 5,283,220 ያደርሰዋል። እኛን የገረመችን ያቺ መጨረሻ ላይ ያለችው 20 ናት። አምስት ሚሊዮን ብሎ ቢያቆም ማንም ይጠረጥር ነበር፤ 20 ስትጨመርበት ግን የተቆጠረ ይመስላል። እኛም «ከ1,000 በላይ» በማለት ፈንታ «1,012» ብለን ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ በራችንን ባላንኳኳ ነበር።

ሄሮዶቱስ አላበቃም፤ ይህ ሁሉ ሰው ምን በላ ብሎም ይጠይቃል። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ኮይኒክስ ስንዴ ቢሰጠው በየቀኑ 110,340 ሜዲምኖስ ያስፈልግ ነበር ይላል። አንድ ሜዲምኖስ 48 ኮይኒክስ ነው። የሒሳብ ተማሪው ጓደኛችን ወረቀት ስቦ አካፈለና 110,067 አገኘ። የታሪክ አባት የሚባለው ሰው በ273 ሜዲምኖስ ተሳስቷል! ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ከጎረቤት ክፍል ግድግዳ ተመታብን።

ከዚያ በቤተ መጻሕፍቱ ሃንስ ዴልብሩክ የሚባል ጀርመናዊ የታሪክ ሰው አገኘን። እ.ኤ.አ. በ1848 የተወለደ፣ በ1870 እና 71 ፈረንሳይና ጀርመን ሲዋጉ ራሱ የዘመተ ነው። እግሩ መንገድ ያውቃል ማለት ነው። እሱ የጠየቀው ሞኝ የሚመስል ጥያቄ ነው፤ ይህ ሠራዊት ሲሰለፍ መንገዱን ምን ያህል ይይዛል? በሱ ዘመን አንድ 30,000 ሰው ያለው የጀርመን ኮር፣ ጓዙን ሳይጨምር፣ 22 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይሞላ ነበር። በዚህ ልክ የዜርክሲስ ሠራዊት ከነጓዙ 4,200,000 ቢሆን ሰልፉ ከ3,000 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ፊተኛው ግሪክ አገር ቴርሞፒሌ ሲደርስ ኋለኛው ገና ከፋርስ ከሱሳ ከተማ መውጣቱ ነው። ከጂቡቲ አዲስ አበባ የነበረው የድሮው ባቡር ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር ነው፤ አራት እጥፍ መሆኑ ነው። ዴልብሩክ ዶሪስኮስ አልነበረም፤ ከሄሮዶቱስ የተሻለ የዓይን ምስክርም አልነበረውም። መንገድና ዳቦ ብቻ ነበር የያዘው። እኛስ ብንሆን ከአግዳሚ ወንበር ሌላ ምን ነበረን?

ከዚያች ማታ ጀምሮ ፈተናውን ረስተን ቁጥር አደን ገባን። ቄሣርን ያዝን፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ58 ሄልቬቲ የሚባለው ሕዝብ ከአጋሮቹ ጋር 368,000 ሆኖ ከአገሩ ወጣ፣ የተመለሰው 110,000 ነው ይላል፤ በሰፈራቸው በግሪክ ፊደል የተጻፈ መዝገብ አገኘሁ ብሎም ይምላል። መዝገቡን ያነበበው ግን አሸናፊው ነው፤ የሚጽፈውም ሮም ላይ ሊጨበጨብለት ነው። አለፍነው።

ወደ መካከለኛው ዘመን ስንወርድ ቁጥሩ አሁንም እንደ እርሾ ይነፋል። በ1461 እንግሊዞች እርስ በርሳቸው ታውተን ላይ ሲዋጉ 28,000 ሰው ሞተ፣ ሬሳውን የቆጠሩትም አዋጅ ነጋሪዎች ናቸው የሚሉ የጊዜው ደብዳቤዎች አሉ። የአገሩ ሕዝብ በሙሉ በዚያን ጊዜ ከሦስት ሚሊዮን አይበልጥም። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ፣ ከመቶ ሰው አንዱ ሞተ ማለት ነው፤ ያውም ሕፃኑም ሴቱም ተቆጥሮ። በ1415 አዠንኩር ላይ ደግሞ እፍኝ የማይሞሉ እንግሊዞች 60,000 እና ከዚያም የሚበልጥ ፈረንሳዊ ድል ነሱ ይባላል። አን ከሪ የምትባል የታሪክ ሊቅ በሁለቱም ወገን ያለውን የደመወዝ መዝገብ አገላብጣ በ2005 ባወጣችው መጽሐፍ እንግሊዞቹን ወደ 9,000፣ ፈረንሳዮቹን ወደ 12,000 አድርጋ አስቀመጠቻቸው። ያልተስማሙባት ሊቃውንት አሉ፤ ፈረንሳዮቹ ከዚህ ይበልጣሉ ብለው እስከ ዛሬ ይሟገቷታል። የሆነ ሆኖ 60,000ው ፈረሰ። ጥቂት ሆኖ ብዙን ማሸነፍ የማይጣፍጠው ማን አለ? ተረቱ የሚጣፍጠው ግን ጠላት በበዛ መጠን ነው፤ ስለዚህ ባወራነው ቁጥር ጠላት ይወልዳል።

ዜና ጸሐፊው ይዋሻል፣ ደመወዝ ከፋዩ ግን ገንዘቡን ስለሚወድ አይዋሽም ብለን ደመደምን። ደስታችን ግን ሁለት ቀን አልቆየም። ለካ የደመወዝ መዝገብም የራሱ ጉድ አለው። በዐሥራ ስድስተኛው ምእተ ዓመት የእንግሊዝ ሻምበሎች የሞተውን ወታደር ስም ሳይሰርዙ ደመወዙን ይቀበሉለት ነበር። ፈረንሳይ አገር ደግሞ ቆጠራ ሲደርስ ከመንደር ሰው ተከራይቶ፣ ጠመንጃ አሸክሞ፣ ለአንድ ቀን ወታደር ማድረግ የተለመደ ነበር፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ስም እንኳ ወጥቶለት ነበር፣ «ፓስ ቮላን» ይሉታል። ይህን ስናነብ እርስ በርሳችን ተያየን። ጧት በሁለት ሰዓት ክፍለ ጊዜ ስም የሚፈረምበት ወረቀት ሲዞር በአንድ እጅ ሦስት ስም የሚፈርም ልጅ ከመካከላችን የለም? ያ ወረቀት ከመቶ ዓመት በኋላ በአንድ ተመራማሪ እጅ ቢገባ እንዴት ያለ ትጉህ ትውልድ ነበር ይለናል።

አሁን ወደ ናፖሌዎን እንምጣ፤ ክፍላችንን ለሁለት የከፈለው እሱ ነውና።

ናፖሌዎን በዘመቻው ሁሉ «የታላቁ ሠራዊት ቡለቲን» የሚባል ወረቀት ያወጣ ነበር። አዎ፣ ቡለቲን። እኛ በሽፋናችን ላይ በትልቁ የምንጽፋት ቃል ናት። በየካቲት 1807 እ.ኤ.አ. አይላው ላይ በበረዶ ውስጥ ከሩሲያ ጋር ተዋጋ፤ ቡለቲኑ 1,900 ሰው ሞተብን፣ 5,700 ቆሰለብን አለ። የዛሬ የታሪክ ጸሐፊዎች የጉዳቱን ጠቅላላ ከ10,000 ጀምረው ከ20,000 በላይ ያደርሱታል። በመስከረም 1812 እ.ኤ.አ. ቦሮዲኖ ላይ ጠቅላላ ጉዳታችን 10,000 ቢሆን ነው አለ፤ ዛሬ ወደ 30,000 ይገመታል። ወታደሮቹ ራሳቸው ይህን ያውቁ ነበር፤ ሰው ሲዋሽ «እንደ ቡለቲን ይዋሻል» ይሉ ነበር ፈረንሳዮች። ይህን ስናገኝ የቀድሞው እትማችን ከጠረጴዛው ላይ ተመለከተን።

ከሩሲያ ሲያፈገፍግ፣ ታኅሣሥ 1812 እ.ኤ.አ. ላይ፣ 29ኛው ቡለቲን ወጣ። ጥፋቱን ያምናል። በጥቂት ቀናት ውስጥ 30,000 ፈረስ ሞተ ይላል። ያለቀው ሰው በጠቅላላ ስንት ነው? አይናገርም። የሚያበቃው የንጉሠ ነገሥቱ ጤንነት ከምን ጊዜም የተሻለ መሆኑን በማብሠር ነው። ፈረሱ ተቆጠረ፣ ንጉሡ ተመረመረ፣ በመካከል ያለው ሰው ወዴት ሄደ?

ወዴት እንደ ሄደ ለማሳየት የሞከረ አንድ ሽማግሌ አለ፤ ቻርልስ ዦዜፍ ሚናር ይባላል። መሐንዲስ ነው። በ1869 እ.ኤ.አ.፣ በ88 ዓመቱ፣ የዚያን ዘመቻ ሥዕል ሣለ። ከኒየመን ወንዝ ወደ ሞስኮ የሚሄድ ሰፊ መስመር ነው፤ ስፋቱ የሰው ቁጥር ነው። ሲነሣ 422,000፤ ሞስኮ ሲደርስ 100,000፤ በጥቁር ቀለም ተመልሶ ኒየመንን ሲሻገር 10,000። መስመሩ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ መጨረሻው ላይ ክር ይሆናል። አንዳችን ከመጽሐፍ ላይ ወደ ደብተር ገልብጦት ግድግዳ ላይ ለጠፍነው።

መጀመሪያ ያየነው ነገር፣ ሁላችንም «ሩሲያን ያዳናት ብርዱ ነው» ስንል ያደግነው ልክ አለመሆኑን ነው። መስመሩ በብዛት የቀጠነው ሲሄድ ነው፤ በሰኔ፣ በሐምሌ፣ በነሐሴ፣ በሙቀት። 422ቱ ሺህ 100 ሺህ የሆነው በረዶ ሳይጥል ነው። ረኀቡ፣ ተቅማጡ፣ ተስቦው፣ መክዳቱ፣ በየከተማው ለጥበቃ እየቀረ። ሁለተኛ፣ ሚናር ራሱ ከሥዕሉ በላይ በጻፈው ማስታወሻ አንድ ነገር ይናዘዛል። የሠራዊቱ መቀነስ ለዓይን በተሻለ እንዲታይ ሲል፣ ወደ ሚንስክና ወደ ሞጊሌቭ ተነጥለው ሄደው በኋላ የተቀላቀሉትን የልዑል ዤሮምንና የማርሻል ዳቩን ወታደሮች ከዋናው ጦር ጋር አብረው እንደ ተጓዙ አድርጎ ቆጥሯቸዋል። ኋላ የተላከው ተጨማሪ ጦር ቢደመር ደግሞ ወደ ሩሲያ የገባው ከ600,000 ይበልጣል። በዓለም የታወቀው የጦርነት ሥዕል እንኳ ለዓይን ሲባል ተቃንቷል። እኛ ግን ሚናርን ወደድነው፤ ማቃናቱን ራሱ ነግሮናላ! (ሽማግሌው በተከታዩ ዓመት ጀርመኖች ወደ ፓሪስ ሲመጡ ሸሽቶ ቦርዶ ላይ ሞተ።)

ቁጥር የደረሰው ልጅ ለፈተናው «በሩሲያ ዘመቻ 412,000 ሞቱ» ብሎ ጽፎ ነበር። 422 ሲቀነስ 10። ተረባረብንበት። «ኧረ ተው! የከዳው የት ገባ? ሞተ እንዴ?» «ምርኮኛውን ቀንስ!» «በየምሽጉ የቀረውን ቀንስ!» የሒሳብ ተማሪው ጠመኔ ይዞ በቁም ሣጥኑ በር ላይ ይቀንሳል፤ ቁጥሩ በወረደ መጠን ጩኸታችን ይጨምራል። ልክ ጨረታ ይመስል ነበር፤ ወደ ታች የሚሄድ ጨረታ።

ስቴንስሉን የሚተይብልን ጓደኛችን እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም ነበር። የቡለቲኑ ፊደል ሁሉ በሱ ጣት ነው የሚያልፈው፤ ዝምተኛ ነው። ከላይኛው አልጋ ላይ ሆኖ «ቀንሱ፣ ቀንሱ» አለ። «የቀነሳችኋቸው ቤታቸው ገቡ ማለት ነው?»

ጠመኔው ቆመ።

«አጎቴ በናንተ ሒሳብ የት ነው የሚገባው?» አለ ቀጥሎ። የእናቱ ታናሽ ወንድም ዘምቶ አልተመለሰም። ሞተ የሚል ወረቀት አልመጣም፤ ምርኮኞች ሲመለሱም አብሮ አልተመለሰም። ይህን ሁላችንም በጨረፍታ እናውቅ ነበር፤ ሁለት ዓመት አብረነው ስንኖር ግን ጠይቀነው አናውቅም። አያቱ ለቅሶ አልተቀመጡም። ዘመድ ተሰብስቦ «እማማ፣ እንግዲህ ተዝካሩን እናውጣለት» ሲላቸው «የማንን?» ይላሉ። ቤቱ ውስጥ ሞተ የሚል የለም፤ አለ የሚልም የለም። «የሞተ ሲቆጠር የለበትም፣ የቆሰለ ሲቆጠር የለበትም፣ የተመለሰ ሲቆጠር የለበትም። ምናልባት እንደናንተ ያለ አንድ ተማሪ ትክክለኛውን ቁጥር አገኘሁ ብሎ ቀንሶታል» አለ፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከመካከላችን አንዱ ሊከራከረው ቃጣ። የበዛ ቁጥርም እኮ ውሸት ነው፣ መቀነስ መናቅ አይደለም፣ ምናምን። ክርክሩ ትክክል ነው፤ እኛም አሁን ድረስ እናምንበታለን። ግን የዚያን ዕለት ማታ ስንቀንስ የነበረው ለእውነት ብለን ብቻ ነበር ካልን ይኸ ሌላ «ከ1,000 በላይ» ይሆንብናል። ደስ እያለን ነበር የቀነስነው። ሄሮዶቱስን በ273 ሜዲምኖስ ስንይዘው የተሰማንን ደስታ ነበር ቪልኒዩስ መንገድ ላይ በወደቀ ሰው ላይ የደገምነው።

ቪልኒዩስ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። በማግስቱ ሁለታችን ቤተ መጻሕፍት ገብተን የፈለግነው ጠቅላላ ድምርን ሳይሆን በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ የሌለውን ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በሊቱዌንያ ዋና ከተማ በቪልኒዩስ፣ የቀድሞው የሶቪየት ጦር ሰፈር በነበረ ቦታ ላይ፣ ግንባታ ሲቆፈር አጽም ወጣ። መጀመሪያ የሃያኛው ምእተ ዓመት ግድያ መስሏቸው ነበር። አፈሩ ሲጠራ ግን የክፍለ ጦር ቁጥር ያለበት የመለዮ ልብስ ቁልፍ ተገኘ፤ የናፖሌዎን ሰዎች ናቸው። ከ3,000 በላይ ይሆናሉ። ጥርሳቸው ተመርምሮ በ2006 በወጣው ጥናት ቅማል የሚያስተላልፋቸው በሽታዎች፣ ተስቦም ጭምር፣ ተገኝተዋል። ሚናር የሣለው ያ ጥቁር ክር በዚህች ከተማ በኩል ያልፋል። የሒሳብ ተማሪው ግድግዳው ላይ ባለው ሥዕል በእርሳስ አንዲት ነጥብ አደረገባት።

ከዚያ ወዲያ ቃላቱን ራሳቸውን መጠርጠር ጀመርን። ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር አንድ የተባዛ የጥናት ማስታወሻ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1916 በሶም ጦርነት መጀመሪያ ቀን 57,470 እንግሊዛውያን ሞቱ ይላል። አልሞቱም። 57,470 የሞተው፣ የቆሰለው፣ የተማረከውና የደረሰበት ያልታወቀው በአንድ ላይ ነው። የሞቱት 19,240 ናቸው። እንግሊዝኛው ይህን ሁሉ በአንዲት ቃል ጠቅልሎ ይጠራዋል፤ እኛ ስንተረጉመው «አለቁ» እንላለን፤ በአንዲት ግሥ 38,000 ሰው እንገድላለን። ፈተናው ላይ እነዚህኑ ሁለት ቁጥሮች ለያይተን ጻፍን። ሙሉ ማርክ አልተሰጠንም። ይሁን።

በሶም የጀርመኖችስ ጉዳት ስንት ነው? ይህ ጥያቄ እንግሊዝ አገር ለአያሌ ዓመታት አጨቃጭቋል። የእንግሊዝ ጉዳት ወደ 420,000 መሆኑ በመዝገብ ላይ ነው። የጀርመኑ ከዚህ የሚያንስ ከሆነ ጄኔራሎቹ ሰው አስፈጁ ይባላል፤ የሚበልጥ ከሆነ ጠላትን አደከሙ ይባላል። ቸርችል ያንሳል አለ። ቻርልስ ኦማን፣ የመካከለኛውን ዘመን የጦርነት ጥበብ ታሪክ የጻፈው ሰው፣ በጦርነቱ ጊዜ የጀርመኖችን የጉዳት ዝርዝር ሲደምር የቆየ ነውና፣ በ1927 እ.ኤ.አ. ይበልጣል ብሎ ተከራከረው። ኋላም የመንግሥቱን ታሪክ የጻፈው ጀምስ ኤድመንድስ የጀርመን ዝርዝር ቀላል ቁስለኞችን አይጨምርም በማለት 30 በመቶ ያህል አክሎ 680,000 አደረሰው። ብዙ ሊቃውንት ይህን አይቀበሉም፤ ዛሬ በብዛት የሚጠቀሰው ከ500,000 በታች ነው። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው ወረቀት ባልነበረበት በሄሮዶቱስ ዘመን አይደለም። ስም፣ ማዕረግ፣ መለያ ቁጥር፣ ማኅተም፣ ሁሉ ነበር። የጠፋው ቁጥር አልነበረም፤ እያንዳንዱ ሟች ለሁለት ተከራካሪ ወገን ምስክር ሆኖ ስለሚጠራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ወደ አገራችን ብንመለስ አንወቀስም፤ የአውሮፓ ጦር መዝገብ የእኛን ምድር ይነካልና። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የሞተውን የጣሊያን ወገን ጆርጅ በርክሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ካሰፈረው ብናይ፣ ከመኮንኖቹ ሌላ 2,918 ነጭ ወታደር ይላል። ለጣሊያን የተሰለፈው አስካሪስ? ወደ 2,000። በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ባንዲራ ሥር፣ በአንድ ቀን ሞተው፤ አንዱ እስከ 8 ድረስ ተቆጠረ፣ ሌላው በጅምላ ተጠጋጋ። የኛ ወገን ሟች ደግሞ ከ4,000 እስከ 7,000 እየተባለ ይገመታል፤ በመካከሉ 3,000 ሰው ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። ከዚያ ወዲህ የጦርነት ቁጥር ስናነብ መጨረሻው ላይ ስንት ዜሮ እንዳለ የማየት አመል አድሮብናል። ዜሮው በበዛበት፣ ብዙውን ጊዜ፣ ስም ጠሪ አልነበረም።

ይህን ጽሑፍ ለዚህ እትም ስናዘጋጅ፣ ያለፈውንም ስሕተት እዚሁ እንድናርም ተስማማን። በግጥም ምሽቱ የተገኙት ከ350 አይበልጡም ነበር። ያ የአንደኛ ዓመት ልጅ ይህን ካነበበ ወደ ክፍላችን ብቅ ይበል፤ ሻይ አለን።

ጽሑፉን ለመተየብ ስቴንስሉ ላይ የተቀመጠው ያው ጓደኛችን ነው። አጎቱን ስላነሣንበት አስቀድመን ፈቃዱን ጠየቅን፤ «ስሙን አትጻፉ እንጂ ይሁን» አለ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ስለ ቲየፕቫል የጻፍነው አንድ አንቀጽ ነበር። ፈረንሳይ አገር፣ በዚያው በሶም፣ በ1932 እ.ኤ.አ. የተመረቀ ትልቅ የጡብና የድንጋይ ሐውልት ነው። በዚያ ግንባር ወድቀው መቃብራቸው ያልታወቀ የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ስም ተቀርጾበታል፤ ከ72,000 በላይ ስም ነው። አራሽ ሲያርስ ወይም መንገድ ሲቆፈር የአንዱ አጽም ተገኝቶ ማንነቱ ከታወቀ በክብር ይቀበራል፤ ስሙም ከሐውልቱ ላይ ይነሣል።

እዚያ ላይ ሲደርስ መተየቡን አቆመ።

«ይሄ ቁጥር ዛሬም እየቀነሰ ነው ማለት ነው?» አለን።

«አዎ፣ አንድ ሰው በተገኘ ቁጥር።»

ጥቂት ቆየና «እንዲህ ያለውን ቀንሱ» አለ፤ ወረቀቱንም አስተካክሎ 72,000 የምትለዋን ተየበ።